እጣቢ የጠጣ ጓሮ

ሚያዝያ 10 ቀን 1976

ይህን ደብተር ያወጣሁት የኢድሪስን ወሬ ልጽፍበት ነበር። ባሌ ለሱቃችን ጨው፣ ሳሙናና ክብሪት ሊያመጣ ከሰቆጣ ወደ ወልድያ ከወረደ ዛሬ ሠላሳ አራት ቀኑ ነው። መንገዱ ተዘግቷል ይላሉ። ማን እንደዘጋው ጮክ ብሎ የሚናገር የለም። ወሬ ከሌለ ስለ ውሃ ልጻፍ።

ዛሬ ቀበሌ ተሰበሰብን። በልጉ ጭራሽ ቀርቷል፤ ምንጩም ቀጥኗል። ሊቀመንበሩ ጓድ ይግዛው ውሳኔውን አነበበ፦ ለአንድ ቤት በቀን ሁለት እንስራ። የምንጭ ውሃ አትክልት ላይ ሲያፈስ የተገኘ በአሻጥረኛነት ይጠየቃል። "አሻጥረኛ" ሲል እኛ የነጋዴ ቤተሰቦች ወደ ተቀመጥንበት ዞር አለ። ወይም እንዲያ መሰለኝ።

ጓሮዬ ሦስት መደብ ነው። ጎመኑ ስንዝር ደርሷል፤ ሰላጣው ገና እየጠናከረ ነው። የሰላጣውን ዘር ከሱቃችን መደርደሪያ ነው ያገኘሁት፤ ሁለት ዓመት ገዢ ያጣ ነበር። የጎመኑን የሰጠችኝ ጎረቤቴ ውዴ ናት። ውዴ የዝቋላ ገበሬ ልጅ ነች፤ ባሏ ምንዋጋው በመጋቢት ለውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ውሎዋ እኛ ቤት ነው። ከስብሰባው ስንመለስ መደቡን እያየሁ ስተክዝ፣

"ምን አስጨነቀሽ?" አለችኝ። "የከለከሉሽ የምንጩን ነው። እጣቢውን ማን ከለከለሽ?"

ሚያዝያ 16

ኢድሪስ ከሄደ ወዲህ የሰው ልብስ እያጠብኩ ነው የምንኖረው። ነጋዴ ቤት ተድሬ አጣቢ እሆናለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ አልሐምዱሊላህ፣ እንጀራ ነው። መምህራኑና የመሥሪያ ቤት ሰዎች ውሃውን ከልብሱ ጋር ይልካሉ። ያ ሁሉ እጣቢ ደጅ ይደፋ ነበር።

ውዴ ቂጡ የተነደለ ጋን አመጣች። ከታች ጠጠር፣ ከላዩ አሸዋ፣ ከዚያ የተደቆሰ ከሰል ሞላንበት። የእንዶዱ አረፋ፣ የሳህን እጣቢው፣ ለሶላት የታጠብንበት የውዱእ ውሃ ሳይቀር በዚያ አልፎ በቦይ ወደ መደቡ ይወርዳል።

"አተላ ሆኖ ገብቶ ጠላ ሆኖ ወጣ!" ብላ ሳቀች ውዴ።

ገብረ አምላክ ነጭ ካፖርቱን ሊወስድ መጥቶ አየን። የጤና ረዳት ነው፤ ከተማው ዶክተር ይለዋል፤ እኔ ግን እስከ ስድስተኛ ክፍል አብሬው ስለተማርኩ አንተ እለዋለሁ።

"ጎበዞች" አለ። "ሁለት ነገር ብቻ። ከሥሩ አጠጡ፣ ቅጠሉን አትንኩ፤ ስትበሉም ቀቅላችሁ። የታመመ ሰው ልብስ የታጠበበት ግን እዚህ እንዳይደርስ። ራቅ አድርጋችሁ ጉድጓድ ቆፍሩና ድፉት፣ አፈር መልሱበት።"

"ሰላጣውስ?" አለ ሲወጣ።

"እንቀቅለዋለን" አልኩት። ሰላጣ የሚቀቅል ሰው አይቼ አላውቅም።

ሚያዝያ 24

በችኮላ ነው። ሁለት አብዮት ጥበቃዎች መጡ፣ ጠመንጃ ይዘዋል። ጓሮሽን አሳዪ። አዩ።  ነገ ሊቀመንበሩ ራሱ ይመጣል አሉኝ። ማን ነገረብኝ? ሁሉንም ልንቀለው ስል ውዴ እጄን ያዘችኝ። ንጹሕ ሰው ይነቅላል ወይ አለችኝ። ከኢድሪስ ወሬ የለም።

ሚያዝያ 25

ይግዛው ሲገባ መጀመሪያ ያየው ጎመኑን አልነበረም፤ በሩ ሥር ያለውን የኢድሪስን ጫማ ነው።

"ባልሽ የት ነው?"

"ወልድያ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ወልድያ መሆኑን በምን አወቅሽ?"

 ጫካ ገብቷል ብሎ ካሰበ፣ እንዳልገባ በምን አስረዳዋለሁ? እማማ ሐሊሜ፣ የኢድሪስ እናት፣ ከውስጥ ሆነው የተስቢሕ መቁጠሪያቸውን ሲቆጥሩ ይሰማኝ ነበር። እሳቸው እንኳ ፈጠን ፈጠን አደረጉት።

ጋኑ ሥር ተንበረከከና ጣቱን ነክሮ አሸተተ።

"ይህ እጣቢ ነው።"

"አዎ። ከምንጭ አንድ ጠብታ የለበትም። የሰፈሩን ሰው ይጠይቁ።"

ጣቱን በሱሪው ጠረገ። ከዚያ ሳቀ። "አያችሁ?" አላቸው ጥበቃዎቹን። "ሰዉ ዝናብ ይለምናል፤ ይቺ ሴት በእድፍ ጎመን ታበቅላለች። በራስ መተማመን ማለት ይህ ነው! ወደ ላይ እጽፋለሁ።"

ሲሄዱ መሬት ተቀመጥኩ። ውዴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ግን ስድቡን ጠብቄ ስለነበር ሙገሳው የባሰ አስፈራኝ። የተሰደበ ሰው ይረሳል፤ የተመሰገነ ሰው መዝገብ ይገባል።

ግንቦት 8

እማማ ሐሊሜ ታመሙ። ተቅማጥ ነው፣ ደም የቀላቀለ። ከአበርገሌና ከዝቋላ የተሰደደው ሕዝብ ገበያው ዳር ከሰፈረ ወዲህ በየቤቱ ይህ ነው። ስሙን አትጥሩ ተብለናል፤ "የሆድ ሕመም" ነው የሚባለው።

ገብረ አምላክ የፈላ ውሃ በጨውና በስኳር አጠጫቸው አለኝ። ስኳር የለም፤ በማር አደረግሁት። ልብሳቸውንና አንሶላቸውን በቀን አራት ጊዜ አጥባለሁ። እጣቢውን እሱ እንዳለው ጓሮው ጫፍ በቆፈርኩት ጉድጓድ እደፋለሁ። ውዴን እንዳትነካ ከለከልኳት። እማማ ባጠብኳቸው ቁጥር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

"ልጄ፣ ይህን ለሰው አትንገሪብኝ" ይሉኛል።

"አብሽሩ እማማ፣ ለማን እነግራለሁ?"

ግንቦት 11

ምንጩ ለግማሹ ሰልፍ ሳይደርስ አለቀ። የሚታጠብ ልብስ ያመጣም የለም። ሰላጣው አንገቱን ደፍቷል። የእማማ አንሶላ ዛሬ ሁለቴ ተለወጠ። ጉድጓዱ ሞልቶ ነበር። ሌላ መቆፈር ነበረብኝ። መሬቱ ድንጋይ ነው፤ ወገቤ ተቆረጠ።

ሌላ የምጽፈው የለም።

ግንቦት 12

ሰላጣው ቀና ብሏል።

ግንቦት 16

ይግዛው በደስታ ፈክቶ መጣ። ግንቦት 29 ከላይ እንግዶች ይመጣሉ፤ ጓሮዬን ይጎበኛሉ፤ ምሳቸውንም ቀበሌ ይበላሉ።

"ሰላጣውን በሎሚና በቃሪያ። ጥሬውን፣ ለምለሙን! በዚህ ድርቅ ሰቆጣ ሰላጣ በላን ብለው ይናገሩ።"

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ጎመኑ ይሻላል፤ ተቀቅሎ..."

"ጎመን የትም አለ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ከባልሽ ወሬ የለም?"

የለም አልኩ።

እማማ ግን እየተሻላቸው ነው። ዛሬ ተነስተው ተቀመጡ።

ግንቦት 18

ውዴ ታመመች። ጠዋት አልመጣችም፤ ሄጄ ሳያት ተጠቅልላ ተኝታለች። ያው ሕመም ነው።

ስትኮተኩት የሰላጣ ቅጠል ቀንጥሳ ትበላለች። አትብዪ አላልኳትም። ሁሌም ነው የምትበላው፤ ሁሌም ምንም አልሆነችም።

ምንጩ ነው። ግማሽ ከተማ ታሟል፤ ግማሽ ከተማ የኔን ጓሮ በልቷል? ምንጩ ነው።

ግንቦት 20

ውሃ ሰልፍ ላይ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች።

"የእድፍ ሰላጣ ነው አሉ ለእንግዶቹ የሚቀርበው።"

"እድፍ ምን ያደርጋል? ጋኑ ያጠራዋል አሉ። እኔም ልተክል ነው።"

"እኔስ? ጋን ብቻ ነው የጎደለኝ" አለች የመጀመሪያዋ።

ዞር ብዬ ላይ አልቻልኩም። የመጀመሪያዋን በድምፅዋ አወቅኋት፤ ባሏ በዚያው ሕመም ተኝቷል። ልብሱን የምታጥበው እሷ ናት።

ግንቦት 22

ውዴ ዓይኗ ገብቷል። ውሃውን በማንኪያ እየሰጠኋት ዋልኩ። በመካከሉ በአገሯ ቋንቋ በኽምጣኛ ታጉተመትማለች፤ እናቷን ነው የምትጠራው መሰለኝ። አመሻሹ ላይ ነቅታ እጄን ያዘችና "አላህሽ ይስጥሽ፣ እህት ሆንሽኝ" አለችኝ።

ይህን መጻፍ አለብኝ፤ ካልጻፍኩ ያፍነኛል።

ግንቦት 11 ቀን የእማማን አንሶላ ያጠብኩበትን መደቡ ላይ ደፋሁት። በጋኑም አላሳለፍኩትም፤ ጋኑ ቀስ ይላል፣ እኔ ደግሞ ማንም ሳያየኝ ልጨርስ ቸኩዬ ነበር። ሁለት ሳፋ ሙሉ። በላዩ ላይ፣ በቅጠሉ ላይ። ሰላጣው ከሞተ ይግዛው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ያን ዕለት ስለ እንግዶች ገና አልተነገረኝም ነበር፤ ግን መዝገብ ውስጥ ገብቻለሁና ፈራሁ። አንድ ጉድጓድ መቆፈር አቅቶኝ ነው። አንድ ጉድጓድ!

ምንጩ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ውዴ እህት ሆንሽኝ አለችኝ፤ እኔም አሜን አልኩ።

ደብተሩን ባዶ የጨው ጆንያ ውስጥ ደብቄዋለሁ።

ግንቦት 24

ረመዳን ገባ። ኢድሪስ የት ሆኖ ጾሙን እያፈጠረ ይሆን?

ውዴ ዛሬ ጥቂት ሾርባ ያዘላት። ደሟ ግን አልቆመም፤ ተቅማጡ ከቀነሰ በኋላም እንኳ። ምን እንደሆነ ስጠይቃት ፊቷን አዞረች።

ግንቦት 28

ገብረ አምላክ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት።  ተነስቶ በሩን ዘጋ።

"ጥሬውን ከበሉት?" አልኩት።

"እኔ እንጃ። ሊታመሙ ይችላሉ። ላይታመሙም ይችላሉ። አሥራ ሰባት ቀን ሆኖታል፤ ፀሐዩ... እኔ እንጃ፣ ዓሲያ።"

"ንገርልኝ። አንተ ብትለው ይሰማል።"

"እንግዳ ሊመርዙ ነበር ይሉናል። ገብቶሻል? የነጋዴ ሚስት፣ ባሏ የት እንዳለ የማይታወቅ። እኔ ደግሞ እያወቅሁ ዝም ያልኩ።" ወደ ተዘጋው በር ዞር ብሎ አየ። "እባክሽ፣ ስሜን አታንሺ።"

አልተቀየምኩትም። እኔ በሱ ቦታ ብሆን በሩን ቀድሜ እዘጋ ነበር።

ከቤት ስደርስ ሰላጣውን ላቃጥለው አሰብኩ። ጥበቃ አቁመውበታል፤ እንዳይሰረቅ።

ግንቦት 29

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

እንግዶቹ አራት ነበሩ፣ በላንድሮቨር መጡ። ጓሮውን አዩ፣ ጋኑን ፎቶ አነሱ፣ እኔንም ከጋኑ አጠገብ አቁመው አነሱኝ። ከዚያ ሰላጣው ተነቅሎ በቅርጫት ወደ ቀበሌ ወጥ ቤት ሄደ። እኔም ተከተልኩት። አመተ ሥላሴ፣ የቀበሌው ወጥ ሠሪ፣ አጥባ መክተፍ ጀመረች።

"ቀቅዪው፣ እህቴ" አልኳት።

"ምኑን?"

"ሰላጣውን።"

"ጾሙ አዞረሽ መሰለኝ! ሰላጣ ይቀቀላል?"

በአጠገቧ ለፓስታ የተጣደ ትልቅ ድስት እየተንተከተከ ነበር። ምን እንዳሰብኩ አላስታውስም። ሳህኑን አንስቼ ሁሉንም ድስቱ ውስጥ ገለበጥኩት። ቃሪያውም፣ ሎሚውም አብሮ ገባ። አመተ ሥላሴ ጮኸች። ይግዛው እየሮጠ መጣ።

"ምን አደረግሽ?"

ነገርኩት። አጭር ነው ለካ፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር አይሞላም። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሲቆይብኝ ገልጬ አየሁት፤ ላብ አጥምቆታል። ያን ጊዜ እሱም እንደኔ እንደሚፈራ አወቅሁ። ሪፖርቱን የጻፈው እሱ ነው፤ እንግዶቹን የጋበዘው እሱ ነው።

"ጎመን ነው በዪ" አላት አመተ ሥላሴን። "ቅቤ አድርጊበት።" ወደኔ ዞረ። "ይህን ነገር ለአንድ ፍጡር ብትናገሪ ባልሽ ከወንበዴዎች ጋር ነው ብዬ እጽፋለሁ። ሰማሽ?"

እንግዶቹ በሉ፣ አመሰገኑ። እኔ ዛሬ በውሃ ብቻ አፈጠርኩ።

ሰኔ 1

ይግዛው አስጠራኝ። እንግዶቹ ባዘዙት መሠረት የቀበሌው ቤት ሁሉ በእጣቢ ጓሮ ያለማል። እሑድ ስብሰባ ላይ የማስተምረው እኔ ነኝ።

"ጋኑን፣ ቦዩን፣ መደቡን ታስረጃለሽ። ስለ ጉድጓድ ቃል የለም። ስለ በሽታ ቃል የለም። በሽታ የለም።"

እሺ አልኩ።

ሰልፍ ላይ የነበረችው ሴት ትዝ አለችኝ። ጋን ብቻ ነው የጎደለኝ ያለችው።

ሰኔ 2

ለውዴ ልነግራት ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ቤቷን ጠረግሁ፣ ውሃ አፈላሁ፣ ሳልነግራት ተመለስኩ። ነገ ከሰው ከምትሰማ ዛሬ ከኔ ብትሰማ ይሻላል። አውቃለሁ። አልቻልኩም።

ሰኔ 9

ትናንት ፈቱኝ። ስድስት ቀን ነበር።

እሑድ የክርስቲያኖቹ ጰራቅሊጦስ ቢሆንም አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ስለ ጋኑ ተናገርኩ፤ ስለ ጠጠሩ፣ ስለ አሸዋው። ሰው እሺ እሺ ይላል። ይግዛው በአጠገቤ ቆሞ ፈገግ ብሏል። ከዚያ ያቺ ሴት እጇን አነሳች።

"የትኛውም እጣቢ ይሆናል?"

"የትኛውም ይሆናል" አለ ይግዛው ቀድሞኝ።

"አይሆንም" አልኩ።  "የታመመ ሰው ልብስ የታጠበበት ጉድጓድ ይቆፈርለታል። እኔ አማቴ ታመው አንሶላቸውን ያጠብኩበትን ሰላጣዬ ላይ ደፋሁ። ውዴ ከዚያ በላች። ውዴ የታመመችው በኔ ነው። እባካችሁ፣ እንደኔ አታድርጉ። ቀቅላችሁም ብሉ።"

  ይግዛው "ሕዝብ ልታሸብር ነው!" ብሎ ጮኸ፤ ጥበቃዎቹ ክንዴን ያዙኝ። በዚህ መሃል ከኋላ አንድ ሰው ተነሳ፤ ገብረ አምላክ ነው። 

"ያለችው ልክ ነው። ይህን ማስተማር የነበረብኝ እኔ ነኝ።"

እኔን ወሰዱኝ። እሱን ጠርተው አስጠነቀቁት፤ ያለ እሱ ሕክምና የሚያውቅ ስለሌለ ለቀቁት። የታሰርኩት ቀበሌው ግቢ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው፤ እህል ስለሌለበት። በየቀኑ አንድ ጥያቄ፦ ባልሽ የት ነው? ስድስተኛው ቀን ላይ ሾፌሩ ዓሊዬ ከወታደር መኪኖች ጋር ከወልድያ ገባና ኢድሪስን መስጊድ አጠገብ እንዳየው መሰከረ፤ እቃውን ለሠራዊቱ ወስደውበት መመለሻ አጥቶ ተቀምጧል። በሕይወት አለ! ይግዛው የምስክርነቱን ወረቀት አጠፈና "ውጪ" አለኝ። 

ጓሮዬን ነቅለው ኖራ ደፍተውበታል።

እማማ ሐሊሜ ግን አያናግሩኝም። ለሰው አትንገሪብኝ ብለውኝ ነበር፤ ለመላው ቀበሌ ነገርኩባቸው። ዛሬ ማፍጠሪያ ሳቀርብላቸው ቴምሯን ተቀብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ሰኔ 15

ከኛ ሰፈር ብቻ አሥራ አንድ ቤት ጋን ነድለዋል። ዛሬ እየዞርኩ አየሁ፤ ዘጠኙ ጓሮ ጫፍ ጉድጓድ አላቸው። ሁለቱን ለምኜ አስቆፈርኩ። የቀበሌው ሰሌዳ ላይ መመሪያው ተለጥፏል፣ ጉድጓዱም ተጽፎበታል፣ በይግዛው ፊርማ። እንኳን በሱ ስም ሆነ።

የውዴ በር ዝግ ነው። ተነስታ መሄድ ጀምራለች ይላሉ። አንኳኩቼ አልከፈተችም። ጭሱ ግን ይወጣ ነበር።

ሰኔ 19

እማማ ከሱብሒ ሶላት በኋላ "ዓሲያ" ብለው ጠሩኝ። "አፈርኩብሽ፤ ከዚያ ደግሞ በማፈሬ አፈርኩ" አሉ። እጃቸውን ሳምኩ። ይህን ያህል ነው፤ ይበቃኛል።

ሰኔ 23

ዒድ ነው። የሚታረድ የለም፤ ቆሎ ቆልተን ለጎረቤት አዳረስን። ከሶላት በኋላ ደጅ ስወጣ ውዴ አጥራችን አጠገብ ቆማለች። ቀሚሷ ሰፍቷታል። እንኳን አደረሳችሁ አለች። እንድትቀመጥ በርጩማ አመጣሁ፤ እኔ መሬት ተቀመጥኩ።

"ማሪኝ" አልኳት። "ከኔ አፍ መስማት ነበረብሽ።"

 ኖራ የተደፋበትን መደብ ነበር የምታየው።

"የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ" አለች። "ምንዋጋው ሳይሄድ ነው። በስድስት ዓመት የመጀመሪያው። ለማንም አልነገርኩም፤ ዓይን እንዳይበላው ብዬ።"

ያ ያልቆመው ደም። ፊቷን ያዞረችበት ቀን።  ልናገር አፌን ስከፍት እጇን አነሳች።

"ምንም አትበዪ። ከጓሮው ይሁን ከምንጩ አላህሽ ነው የሚያውቀው፣ እግዜሬም ያውቃል። እኔ ማወቅ አልፈልግም። አንቺን የምጠላበት አቅም የለኝም፤ የምወድበትም ዛሬ የለኝም። ከዚህ አጥር ወዲያ ግን የማውቀው ሰው የለኝም።"

ሁለታችንም አላለቀስንም። ከገበያው ዳር፣ ከስደተኞቹ ዘንድ፣ የሙሾ ድምፅ ይመጣ ነበር፤ አሁን በየቀኑ ነው።

"ውሃ አለሽ?" አለች።

ገብቼ በጣሳ ቀድቼ አመጣሁ። ስሰጣት ጥቂቱ ፈሰሰ።

"አፍልቼዋለሁ" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለችና ጠጣች።